ኮንዶሙ ከተቀደደ 36 ሰዓት ሆኖኛል፤ ረፍዶብኝ ይሆን?

እንቅልፍ_ያጣች
ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። ዕድሜዬ 19 ነው። ከትናንት ወዲያ ማታ ከፍቅረኛዬ ጋር ሳለን ኮንዶሙ ተቀደደ። ያወቅነው በኋላ ነው። አሁን ወደ 36 ሰዓት ሆኖኛል። ሌላ መከላከያ አልጠቀምም። ያን ዕለት የወር አበባዬ ከጀመረ 11ኛ ቀኔ ነበር።

ትናንት ቀኑን ሙሉ ምንም ሳላደርግ ዋልኩ። አንዷ ጓደኛዬ «የማግስት ክኒን ነው የሚባለው፤ በማግስቱ ጠዋት ካልወሰድሽው አይሠራም» አለችኝ። ሌላዋ ደግሞ «አንዴ ከወሰድሽው ማህፀንሽን ያበላሸዋል፤ ኋላ ልጅ አትወልጂም» አለችኝ። ዛሬ ጠዋት ፋርማሲ ድረስ ሄጄ ነበር። ውስጥ ሰው በዝቶ ሳይ የራስ ምታት መድኃኒት ገዝቼ ተመለስኩ።

ረፍዶብኛል? የት ልሂድ? ምን ብዬ ነው የምጠይቀው? እባካችሁ አትፍረዱብኝ።

ፋርማሲስቷ
እህቴ፣ አልረፈደም። ግን ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ተነሽና ሂጂ። ነገ አትበዪ።

ሁለት ዓይነት ክኒን አለ። የመጀመሪያው ሌቮኖርጌስትሬል ይባላል። 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ አንዴ ብቻ ይዋጣል። አንዳንዱ ካርቶን ውስጥ 0.75 ሚሊ ግራም የሆኑ ሁለት ፍሬዎች ታገኛለሽ። ሁለቱንም አንድ ላይ ዋጪ። ድሮ በ12 ሰዓት ልዩነት ነበር የሚሰጠው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት አንድ ላይ መውሰዱ እኩል እንደሚሠራ ስላሳየ ያ ቀርቷል። ይህ ክኒን እስከ 72 ሰዓት ድረስ የሚወሰድ ስለሆነ ብዙ ሰው «የ72 ሰዓቱ» ይለዋል።

ሁለተኛው ዩሊፕሪስታል አሲቴት ነው፤ 30 ሚሊ ግራም። እስከ 120 ሰዓት፣ ማለትም እስከ 5 ቀን ድረስ ይሠራል። ሁሉም ቦታ ግን አይገኝም።

11ኛ ቀን ማለትሽ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። እንቁላልሽ ሊለቀቅ የተቃረበበት ጊዜ ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ ዩሊፕሪስታል ይሻላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ጠይቂ። ከሌለ ግን እሱን ፍለጋ ስትዞሪ አትዋዪ። ያለውን ወስደሽ እዚያው ዋጪ። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ትልቅ ጥናት ሌቮኖርጌስትሬል በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ሲወሰድ ይደርስ ከነበረው እርግዝና በመቶ 95ቱን ከልክሏል። ከ25 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ 85 ሆነ። ከ49 እስከ 72 ባለው ደግሞ 58። አንቺ አሁን መሀለኛው ላይ ነሽ። ዛሬ ማታና ነገ ማታ ለአንቺ አንድ አይደሉም።

ምን ብዬ ልጠይቅ ላልሽው፦ «ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ፈልጌ ነበር» በይ። በቃ። ለምን፣ ከማን ጋር የሚል ነገር የለም። አፍሽ እምቢ ካለ ስልክሽ ላይ ጽፈሽ አሳዪ። እኔ ዘንድ በወረቀት ጽፈው የሚሰጡኝ ብዙ ናቸው፤ አንድም ቀን አልገረመኝም። «ለብቻ ማናገር እችላለሁ?» ማለትም መብትሽ ነው።

ማህፀን ያበላሻል የሚለው ውሸት ነው። መድኃኒቱ በጥቂት ቀናት ከሰውነት ይወጣል። ኋላ መውለድን አይከለክልም።

መንገደኛ
ወንድ ነኝ፣ ይቅርታ ልግባ። ፍቅረኛሽ የት ነው ያለው? ለመውቀስ አይደለም። ሄዶ መግዛት ይችላል ለማለት ነው። እኔ አንድ ጊዜ ራሴ ሄጄ ገዝቻለሁ። ፋርማሲስቱ «ስንት ሰዓት ሆነ? ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?» አለኝ። የመጀመሪያውን መለስኩ። ሁለተኛውን አላውቀውም ነበር። እዚያው ቆሜ ደወልኩላት። ስለዚህ ወንዶች፣ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቃችሁ ሂዱ። አንዳንድ ቦታ ግን ራሷ እንድትመጣ ይፈልጋሉ፤ ያኔ አብራችሁ ሂዱ። ብቻዋን አትላኳት።

አንዴ_ዘግይቼ
እህት፣ እኔ አንቺ ያለሽበት ቦታ ነበርኩ። የዛሬ አራት ዓመት። ፋርማሲ ገብቼ ጠየቅኩ። ባንኮኒው ኋላ ያለው ሰውዬ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ባለትዳር ነሽ?» አለኝ። ሰው ሁሉ ዞረ። ምንም ሳልመልስ ወጣሁ። ከዚያ ሦስት ቀን ቤቴ ተዘጋግቼ አለቀስኩ። አሁን ሳስበው የሚያንገበግበኝ የሰውዬው ጥያቄ አይደለም። እነዚያ ሦስት ቀናት ናቸው።

በአራተኛው ቀን የአክስቴ ልጅ እጄን ይዛ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ወሰደችኝ። ነርሷ በሩን ዘጋች። ተቀመጪ አለችኝ። «ለ72 ሰዓቱ ክኒን ትንሽ ዘግይተሻል፤ ለሉፕ ግን አልዘገየሽም» አለችኝ። ሉፕ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ መከላከያ ነው፤ እስከዚያ ቀን የወለዱ ሴቶች ብቻ የሚጠቀሙበት ይመስለኝ ነበር። ሲገባ ያማል፤ አልዋሽሽም። የወር አበባ ቁርጠት ሲበረታ እንደሚያመው ነው። ደቂቃዎች ነው የፈጀው። አላረገዝኩም። ሉፑ ዛሬም አለ።

ስለዚህ አንዱ ቦታ ካሳፈሩሽ ቀጥለሽ ሌላ ቦታ ሂጂ። ወደ ቤት አትመለሺ።

አዋላጅ_ነርስ
ከላይ ያለችው እህት የነገረችን ነገር ብዙ ሰው የማያውቀው ስለሆነ ትንሽ ላብራራ። የመዳብ ሉፕ ካሉት ድንገተኛ መከላከያዎች ሁሉ የበለጠ አስተማማኝ ነው። በ5 ቀን ውስጥ ከገባ ከ1,000 ሴቶች የሚያረግዙት ከአንድ በታች ናቸው። መዳቡ የወንዱን ዘር ያዳክማል፤ እንቁላሉ ጋ እንዳይደርስ ያደርጋል። ከገባ በኋላ እስከ 10 ዓመት ድረስ መደበኛ መከላከያ ሆኖ ይቆያል። በፈለግሽ ቀን ይወጣል። ያልወለደች ወጣት ልትጠቀመው ትችላለች። የሚያስገባው የሠለጠነ ባለሙያ መሆን አለበት። የማህፀን በር ኢንፌክሽን ካለ መጀመሪያ እሱ ይታከማል። የወር አበባ ደም በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊበዛ ይችላል፤ ይህንንም አስቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው።

የት ልሂድ ላልሽው ደግሞ፦ ቅርብሽ ያለ ፋርማሲ፣ ጤና ጣቢያ፣ ሆስፒታል፣ የቤተሰብ ምጣኔ ክሊኒክ። ተማሪ ከሆንሽ የዩኒቨርሲቲሽ ክሊኒክ። ብዙ ጤና ተቋማት ለወጣቶች ብቻ የተለየ ክፍል አላቸው፤ «ለወጣቶች የሚሰጠው አገልግሎት የቱ ጋ ነው?» ብለሽ መዝገብ ክፍል ጠይቂ። እዚያ ያሉት ባለሙያዎች ወጣት ማናገር የለመዱ ናቸው። ሌሊት ወይም በዓል ከሆነ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አለ። አንዳንድ አገር ክኒኑ ያለ ማዘዣ ይሸጣል፤ አንዳንዱ አገር ማዘዣ ይጠይቃል። ማዘዣ ከተባልሽ «ማዘዣውን አሁን ማን ይጽፍልኛል?» በይ፤ ፋርማሲው ራሱ ይጠቁምሻል።

ለክኒኑ የማህፀን ምርመራ አያስፈልግም። የደም ምርመራም አያስፈልግም። በሕክምና በኩል የዕድሜ ገደብም የለውም። የባል ፈቃድ፣ የቀለበት ጉዳይ የሚባል መስፈርት የትኛውም የሕክምና መጽሐፍ ላይ የለም።

አሳቢ_ወንድም
ከልቤ ነው የምጠይቀው፤ ማንንም ለማስቀየም አይደለም። ይህ ነገር ፅንስ ማስወረድ አይደለም ወይ? እህቴ ብትጠይቀኝ ምን እንደምላት አላውቅም።

ፋርማሲስቷ
ጥያቄህን በትህትና ስላቀረብከው አመሰግናለሁ። አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ላስረዳህ፤ ይህ ከገባህ ሰዓቱ ለምን እንደሚያስጨንቀን ራሱ ይገባሃል።

ብዙ ሰው ግንኙነት በተደረገበት ቅጽበት እርግዝና የሚፈጠር ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። የወንዱ ዘር ሴቷ ሰውነት ውስጥ እስከ 5 ቀን ድረስ በሕይወት ሊቆይ ይችላል። የሴቷ እንቁላል ግን ከተለቀቀ በኋላ የሚቆየው አንድ ቀን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ዘሩ ቀድሞ ይገባና እንቁላሉን ይጠብቃል። ድንገተኛ መከላከያው የሚገባው እዚህ መሀል ነው። እንቁላሉ እንዳይለቀቅ ያዘገየዋል። እንቁላሉ ሲዘገይ ጠባቂው ዘር ዕድሜው ያልቃል። አልተገናኙም፤ እርግዝና አልተፈጠረም።

ሌቮኖርጌስትሬል ይህን የሚያደርገው እንቁላሉን እንዲለቀቅ የሚያዝዘው ሆርሞን መጨመር ከመጀመሩ በፊት ከተወሰደ ነው። ትእዛዙ ከተጀመረ አይመልሰውም። ዩሊፕሪስታል ትእዛዙ ከጀመረ በኋላም፣ ጫፍ እስኪደርስ ድረስ፣ ሊያዘገየው ይችላል። ለመጀመሪያዋ እህታችን እሱን አስቀድሚ ያልኳት ለዚህ ነው። እንቁላሉ አንዴ ከወጣ ሁለቱም ብዙ አይረዱም። እርግዝና ካለ ደግሞ ሌቮኖርጌስትሬል አያቋርጠውም፤ ፅንሱንም አይጎዳም። ማስወረጃ መድኃኒት ሌላ ነው፤ አሠራሩም ሌላ ነው።

እግረ መንገዴን፦ ከግንኙነት በኋላ ውስጥን መታጠብ፣ መዝለል፣ ወዲያው ሽንት መሽናት እርግዝናን አይከለክሉም። ዘሩ በደቂቃዎች ውስጥ የማህፀኑን በር አልፎ ይሄዳል። «እኔ ታጥቤ ተገላገልኩ» የምትል ጓደኛ ያቺ ቀን ዕድሏ ሆኖ እንጂ ውሃው አይደለም ያዳናት።

ዝምተኛ
እኔ የሚጥል በሽታ ስላለብኝ ካርባማዜፒን እወስዳለሁ። ክኒኑን ብወስድ ችግር አለው?

ፋርማሲስቷ
በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ይህን ሳይጠይቁ የሚወስዱ ብዙ ናቸው። ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይን፣ ፌኖባርቢታል፣ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን፣ ከኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ደግሞ ኤፋቪሬንዝ ጉበት ክኒኑን ቶሎ እንዲያስወግደው ያደርጋሉ። ክኒኑ አይጎዳሽም፤ ግን ኃይሉ ይቀንሳል። ለአንቺ የመጀመሪያው ምርጫ የመዳብ ሉፕ ነው። እሱ ካልሆነ ሌቮኖርጌስትሬልን በእጥፍ፣ 3 ሚሊ ግራም፣ በባለሙያ ምክር መውሰድ አለ። የሚጥል በሽታ መድኃኒትሽን ግን በምንም ምክንያት እንዳታቋርጪ። ባንኮኒው ላይ ሳትጠየቂ የምትወስጂውን መድኃኒት ስም ንገሪ።

ክብደታቸው ከፍ ያለ ሴቶችም ሌቮኖርጌስትሬል ሊደክምባቸው ይችላል። ዩሊፕሪስታል ወይም ሉፕ ካለ ይቅደም። ከሌለ ግን ያለውን ውሰዱ፤ ባዶ እጅ ከመመለስ ይሻላል።

ስም_የለኝም
እኔ የምጠይቀው... በፈቃድ ካልሆነስ? ያው ነው?

አዋላጅ_ነርስ
እህቴ፣ እዚህ መጥተሽ ስለጻፍሽ አመሰግንሻለሁ። የሆነብሽ ነገር ያንቺ ጥፋት አይደለም። ምን ለብሰሽ ነበር፣ ለምን ሄድሽ፣ ለምን አልጮህሽም... ማንም እንዲህ ብሎ ሊጠይቅሽ አይገባም።

ክኒኑም ሉፑም ለአንቺም እኩል ይሠራሉ። ግን ፋርማሲ ብቻ ሄደሽ እንዳትመለሺ እፈልጋለሁ። ሆስፒታል ሂጂ። ከእርግዝና ሌላ ጊዜ የማይሰጥ ነገር አለ። ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል፤ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ሌሎች የአባላዘር በሽታዎችን የሚከላከል መድኃኒትም ይሰጥሻል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም አለ። ቁስል ካለ ይታያል። የሚያነጋግርሽ አማካሪ እንዲመደብልሽ ጠይቂ።

ልብስሽን ካላጠብሽው አትጠቢው፤ ወረቀት ከረጢት ውስጥ አድርጊው፤ ፕላስቲክ ውስጥ አይሁን። ገላሽን ታጥበሽ ከሆነም ምንም አይደለም፤ ሂጂ። 72 ሰዓት አልፎ ከሆነም ሂጂ። ለፖሊስ ማመልከት አለማመልከቱን ቆይተሽ ታስቢበታለሽ። ሕክምናው ግን አይቆይም። የምታምኛት አንድ ሰው ካለች አሁን ደውዪላትና አብራሽ ትሂድ። ከሌለች እዚህ ጻፊልኝ፤ እስክትሄጂ አለሁ።

ስም_የለኝም
እህቴን ቀስቅሻታለሁ። እየሄድን ነው።

አዋላጅ_ነርስ
ጎበዝ። ስትችዪ ብቻ ጻፊ፤ ግዴታ የለብሽም።

እንቅልፍ_ያጣች
ወሰድኩት! 40 ሰዓት አካባቢ ላይ። ሁለት ፋርማሲ ዩሊፕሪስታል የለም አሉኝ። ፋርማሲስቷ እንዳለችው ሦስተኛ ፍለጋ አልሄድኩም፤ ሌቮኖርጌስትሬሉን ወስጄ እዚያው ዋጥኩ። ስልኬ ላይ ጽፌ ነው ያሳየኋት። ልጅቷ አንብባ ዝም ብላ ወደ ጥግ ጠራችኝ። ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ሌላ መድኃኒት እንዳለ ጠየቀችኝ፣ ውሃ ሰጠችኝ። በቃ ይሄው ነው። ሁለት ቀን ሙሉ የፈራሁት ነገር አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

አሁን ግን ሌላ ጭንቀት መጣ። ከዋጥኩ ከአምስት ሰዓት በኋላ አስመለሰኝ። ልድገመው?

ፋርማሲስቷ
እሰይ! አትድገሚው። ሌቮኖርጌስትሬል ከዋጥሽ በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰሽ ነው የሚደገመው፤ ለዩሊፕሪስታል 3 ሰዓት ነው። በአምስት ሰዓት ውስጥ ሰውነትሽ ወስዶታል። ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ ድካም፣ የጡት ሕመም ይኖራል፤ በቀን በሁለት ቀን ይተዋል። ትንሽ ደም ብታዪም አትደንግጪ።

የወር አበባሽ ከተለመደው ቀን በጥቂት ቀናት ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል። ከሳምንት በላይ ከዘገየ፣ ወይም ከዛሬ ጀምሮ ሦስት ሳምንት ሲሞላ፣ የእርግዝና ምርመራ አድርጊ። ታች ሆድሽን በኃይል ካመመሽ ግን ሦስት ሳምንቱን አትጠብቂ፤ ሐኪም ጋ ሂጂ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ። ክኒኑ ያለፈውን እንጂ የሚመጣውን አይሸፍንም። እንዲያውም እንቁላሉን አዘገየው ማለት እንቁላሉ ገና ሊመጣ ነው ማለት ነው። በዚሁ ወር ያለ መከላከያ ግንኙነት ካለ ልታረግዢ ትችያለሽ። ብዙዎች እዚህ ላይ ነው የሚሳሳቱት።

መንገደኛ
እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ወሩን ሙሉ ይሠራል ብለን ነበር የምናስበው።

አንዴ_ዘግይቼ
እኔም! ይህ ነገር ካርቶኑ ላይ በትልቁ መጻፍ ነበረበት።

እንቅልፍ_ያጣች
ሦስት ሳምንት ከሁለት ቀን ሆነ። የወር አበባዬ በአራት ቀን ዘግይቶ መጣ። እሱም አላሳመነኝም፤ ምርመራም አደረግኩ። አላረገዝኩም። ውጤቱን ሳይ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ከዚያ ከፍቅረኛዬ ጋር የወጣቶች ክፍሉን ጠይቀን ሄድን። እሱ ውጭ ሊቀመጥ ነበር፤ ነርሷ «አንተም ግባ» አለችው። መርፌውን፣ በየቀኑ የሚዋጠውን ክኒን፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውን ሁሉ አሳየችን። እኔ ክኒን እረሳለሁ፤ ክንድ ላይ የሚቀበረውን መረጥኩ። ኮንዶሙን አልተውንም፤ የአባላዘር በሽታን የሚከላከለው እሱ ብቻ ስለሆነ። ኮንዶሙን ደግሞ ቅባትና ቫዝሊን እንደሚያበላሸው ያወቅነው ያን ቀን ነው። የእኛም የተቀደደው በዚያ ሳይሆን አይቀርም።

ፋርማሲስቷ፣ አዋላጅ ነርስ፣ ሁላችሁም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስም የለኝም ያለችውን እህቴን ሁልጊዜ አስባታለሁ።

ስም_የለኝም
አለሁ። መድኃኒቱን ልጨርስ አምስት ቀን ቀርቶኛል። አማካሪዋን በየሳምንቱ አገኛታለሁ። እህቴ አብራኝ ናት።

አዲስ_ገባሁ
ይቅርታ፣ ውይይቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እኔ ዛሬ ጠዋት ዩሊፕሪስታሉን አግኝቼ ወስጃለሁ። ነገ ደግሞ የእርግዝና መከላከያ መርፌ ለመጀመር ቀጠሮ አለኝ። ቶሎ ብጀምር ይሻላል አይደል?

እንቅልፍ_ያጣች
ቆይ፣ ነገ እንዳትወጊ! ነርሷ ይህን ለእኛም ነግራናለች። ዩሊፕሪስታል ከወሰድሽ በኋላ ወዲያው ሆርሞን ያለበት መከላከያ ከጀመርሽ ክኒኑ ሥራውን እንዳይሠራ ሊያደርገው ይችላል። 5 ቀን ትጠብቂያለሽ። እስከዚያ ኮንዶም፤ መርፌውን ከጀመርሽ በኋላም ለ7 ቀን ኮንዶም። እኔ የወሰድኩት ሌቮኖርጌስትሬል ስለነበር መጠበቅ አላስፈለገኝም ነበር፤ ያንቺ ግን ይለያል። ቀጠሮውን አትሰርዢው፤ ደውለሽ ቀኑን አስቀይሪው። ዩሊፕሪስታል መውሰድሽንና የወሰድሽበትን ሰዓት ንገሪያቸው።

አዲስ_ገባሁ
አሁን ደወልኩ። ለሚቀጥለው ሳምንት አዞሩልኝ።